አልነሳ ያለው ላፕቶፕ፦ ከፈርምዌር አፕዴት በኋላ ምን ይደረጋል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኔ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉኝ። ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አንድ ማታ በሬን አንኳኳች። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። “ጋሼ፣ አልነሳም አለኝ” አለች። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

ቁጭ ብላ ቀስ በቀስ አወራችኝ። ባለፈው ማታ ላፕቶፑን ልትዘጋ ስትል “አፕዴት አድርገህ ዝጋ” የሚል ምርጫ መጣባት። እሺ አለችው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ተነሳና ጥቁር ስክሪን ላይ የአምራቹን ምልክት አሳየ። ከሥሩ አንዲት መስመር ትሞላ ጀመር። ግማሽ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ባትሪው ደግሞ አርጅቷል፤ 60 በመቶ ይላል እንጂ ቻርጀሩ ከተነቀለ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ማብሪያውን ተጫነች። ትንሿ መብራት በራች፣ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ።

በማግስቱ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። የተቀበላት ልጅ አብርቶ አየና “ቦርዱ ሄዷል፤ ለማንኛውም ፎርማት እናድርገውና እንየው” አላት። ደግነቱ እሺ አላለችም። ይዛው ተመለሰች። እኔም ይህን የምጽፈው “ፎርማት እናድርገው” በምትለዋ ነገር ምክንያት ነው። በዚህች ቃል የተነሳ የዓመታት ሥራቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ሲነግሩኝ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ላፕቶፕ ከፈርምዌር (ከማስነሻ ፕሮግራሙ) አፕዴት በኋላ አልነሳም ቢል ፋይላችሁ አልጠፋም። እዚያው አለ። ይህ ለምን እንደሆነ ከገባችሁ የቀረውን በእርጋታ ትሠሩታላችሁ።

ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች አሉ። አንዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ የምንለው ነው። ዊንዶውሱ፣ ፎቶው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ እዚያ ነው። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 እግር ያለው ቺፕ ነው። የሚይዘው 8፣ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ቢሆን ነው። በስልክ ያነሳናቸው ጥቂት ፎቶዎች ይሞሉታል። ፈርምዌር የሚባለው ፕሮግራም የሚኖረው እዚህ ቺፕ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው ባዮስ ይለዋል። ስሙ የመጣው ጋሪ ኪልዳል በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሠራው ሲፒኤም ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የዛሬ ላፕቶፖች ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው። ሰዉ ግን ባዮስ ማለቱን አልተወም፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ።

አንድ ትልቅ ግቢ አስቡ። ዘበኛ አለው። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። መብራቱን ያበራል፣ ሁሉም ነገር በቦታው መኖሩን ዞሮ ያያል፣ በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ ሄዶ ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። ባለቤቱ ዊንዶውስ ነው። ዘበኛው ባዮስ ነው። የላፕቶፑን ማብሪያ ስትጫኑ መጀመሪያ የሚነሳው ዘበኛው ነው፤ ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን ይቃኛል፣ ቀጥሎ ዊንዶውስን ይጠራል። ፈርምዌር አፕዴት ማለት ይህን ዘበኛ በሌላ መተካት ነው። አሮጌው ተሰናብቶ አዲሱ ሳይገባ መብራት ቢሄድ በሩን የሚከፍት አይኖርም። ከውጭ ላለ ሰው ግቢው የሞተ ይመስላል። ቤቱ ግን ቤት ነው። ዕቃውም እንዳለ ነው።

እንግዲህ ፎርማት ማድረግ የዲስኩን ይዘት መደምሰስ ነው። ዘበኛ ቀረ ተብሎ የቤቱ ዕቃ ተጭኖ ሲወጣ አስቡት። ችግሩ ቺፑ ላይ ከሆነ ፎርማቱ ምንም አይጠግንም። ዕቃው ግን ይሄዳል።

“ታዲያ አፕዴቱ ለምን አስፈለገ?” ትሉኝ ይሆናል። ባዮስ የደህንነት ክፍተት ይገኝበታል፤ የፕሮሰሰር ችግሮችም በእሱ በኩል ይታረማሉ። ከዚህ በፊት ሰው ራሱ ፈልጎ አውርዶ ነበር የሚጭነው። አሁን ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ ይዞት ይመጣል፤ ብዙ ሰው እሺ ሲል ባዮስ እየቀየረ መሆኑን አያውቅም። በዚያ ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ የሚመረኮዝባቸው በ2011 የወጡ የማይክሮሶፍት ሰርተፍኬቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሰኔ 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ያልፋል። እነሱን በ2023ቶቹ ለመተካት በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የባዮስ አፕዴት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ መጠበቅ ነው። ይህን ስል ሰዎች ይሰለቻሉ፤ ግን ከልቤ ነው። ከባዮስ አፕዴት በኋላ የመጀመሪያው አነሳስ ረጅም ነው። ባዮሱ ራሙን እንደ አዲስ ይለካዋል፤ የሚስማማውን ፍጥነት ይፈልጋል። በተለይ ዲዲአር5 ራም ባላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ስክሪኑም ያን ጊዜ ጥቁር ነው። አንዳንዱ አፕዴት ደግሞ ባዮሱን ብቻ አይነካም። ኪቦርዱንና ባትሪውን የሚቆጣጠረውን ትንሽ ቺፕም ያድሳል። ላፕቶፑ ሁለት ሦስቴ በራሱ ጠፍቶ ሊነሳ፣ ፋኑም ባለ በሌለ ኃይሉ ሊጮኽ ይችላል። ሰው ደንግጦ ማብሪያውን የሚጫነው እዚህ ላይ ነው። ያልተበላሸው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ግማሽ ሰዓት ተዉት።

ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ከሌለ በውስጡ የቀረውን ኮረንቲ ማራገፍ ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ። ፍላሽ፣ ማውስ፣ ኤክስተርናል ሁሉ ይውጣ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ከዚያ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ልቀቁት፣ ቻርጀሩን ብቻ ሰኩ፣ አብሩት። ከአፕዴት በኋላ ግራ ተጋብቶ የቆመ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንድ የሌኖቮ ቲንክፓዶች ሆዳቸው ላይ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ቻርጀሩ ተነቅሎ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ ታስገባላችሁ፣ ትጫኑታላችሁ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ቻርጀሩን ትሰካላችሁ።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ዘበኛው አለ ወይስ የለም? ስክሪኑ ላይ የአምራቹ ምልክት ከታየ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከወጣ፣ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ዘበኛው አለ። ባለቤቱን ማግኘት አቅቶት ነው እንጂ ቺፑ ደህና ነው። ምንም ነገር ካልታየ ግን ወደ ቺፑ እንሄዳለን። ስክሪኑ ራሱ አለመበላሸቱን ለማወቅ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝታችሁ እዩ።

መጀመሪያ ዘበኛው ያለበትን እንይ። ይሄኛው ይበዛል፤ ገንዘብ የማያስወጣውም እሱ ነው።

ሰዎችን በጣም የሚያስደነግጠው ሰማያዊ ስክሪን ወጥቶ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሲጠይቅ ነው። “ቫይረስ ገባብኝ፤ ብር ሊጠይቁኝ ነው” ብሎ የደወለልኝ ሰው አለ። ቫይረስ አይደለም። ቢትሎከር ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን ቆልፎታል፤ መክፈቻው ቲፒኤም በሚባል የደህንነት ቺፕ ጥበቃ ሥር ነው። ቲፒኤም የዘበኛውን መልክ ያውቃል። በየጠዋቱ መልኩን አይቶ ቁልፉን ይሰጠዋል። ባዮስ አፕዴት ሲደረግ ዘበኛው ተቀየረ። ቲፒኤም “አላውቅህም” ይላል፤ ቁልፉንም ይይዛል። ይህ ጥበቃው ሥራውን መሥራቱ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ፋይላችሁን እንዳያይ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ቁጥሩ የት አለ? አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ። ስልካችሁ ላይ ብሮውዘር ከፍታችሁ ወደ አካውንታችሁ ግቡ፣ መሣሪያዎች ከሚለው ሥር ላፕቶፓችሁን ፈልጉ፣ የቢትሎከር ቁልፎች የሚለውን ክፈቱ። ከአንድ በላይ ቁልፍ ካለ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለውን የቁልፍ መለያ የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር አመሳክሩ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ቁጥሩ ያለው የአይቲ ክፍሉ ዘንድ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ላፕቶፑን የገዛን ቀን ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ በራሱ ኢሜይል ሞልቶ ያስረክበናል። ከዓመት በኋላ ያ ቁጥር የእሱ አካውንት ውስጥ ነው ያለው። ከተቻለ ዛሬውኑ ላፕቶፓችሁ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ እዩ። “እኔ ቢትሎከር አልከፈትኩም” የሚልም አለ። በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆለፋል። ቁጥሩ ጨርሶ ካልተገኘ ፋይሉን የሚያወጣ ባለሙያ የለም። እከፍተዋለሁ የሚላችሁን አትመኑ።

ሁለተኛው ሰማያዊ ስክሪን “ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ” የሚል ነው። ዲስኩ አለ፤ ዊንዶውስ ግን ሊደርስበት አልቻለም ማለት ነው። አፕዴቱ የባዮሱን ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ሲመልስ የዲስኩ አሠራር ይቀየራል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውሱ የተጫነው ሬይድ ወይም ቪኤምዲ በሚባለው አሠራር ሆኖ አሁን ወደ ኤኤችሲአይ ዞሯል፤ ሌላው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወደ ባዮስ ምርጫዎች ግቡ። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 እንደበራ ደጋግሞ መንካት ነው። ስቶሬጅ ወይም ሳታ የሚለውን ፈልጉ። ያለውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ወደ ሌላው ቀይሩት፣ ሴቭ አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ወደነበረበት መልሱት። ይህ ለውጥ ፋይል አይነካም። እኔን የሚያስቆጨኝ ይሄኛው ነው፤ አንዲት ምርጫ በመመለስ የሚድን ላፕቶፕ ስንት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል።

“ቡት የሚደረግበት ዲስክ አልተገኘም” የሚል ጥቁር ስክሪን ከሆነ ደግሞ ባዮስ ውስጥ የዲስካችሁ ስም መኖሩን እዩ። ካለ የቡት (የማስነሻ) ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ ይሆናል፤ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር የሚለውን ከላይ አድርጉት። ከዱባይ የሚመጡ ያረጁ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውሱ በድሮው ሌጋሲ መንገድ ተጭኖ አፕዴቱ ወደ ዩኢኤፍአይ ሲመልሰውም ይህ ይከሰታል። ሌጋሲ የሚለውን መልሱለት። ኡቡንቱ ሊኑክስ ለምትጠቀሙ፦ የቡት ዝርዝሩ የሚቀመጠው ከባዮስ ጋር ስለሆነ አፕዴት ሊያጠፋው ይችላል። ሊኑክሱ ዲስኩ ላይ አለ። በፍላሽ አስነስታችሁ ማስነሻውን ብቻ ድጋሚ ጫኑ።

አሁን ወደ ከባዱ። ስክሪኑ ጨርሶ ጥቁር፣ ፋኑ ዞሮ የሚቆም፣ ወይም የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ላፕቶፕ። ብልጭታውን ቁጠሩት። በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ 2 ጊዜ ብልጭ ብሎ ማረፍ ባዮሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። የሚናገር ላፕቶፕ ገና አልሞተም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1998 ሲአይኤች የሚባል ቫይረስ ወጣ። ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ተቀስቅሶ በየአገሩ የኮምፒውተሮችን ባዮስ ደመሰሰ፤ ቀኑ የቼርኖቤል አደጋ መታሰቢያ ስለሆነ ቼርኖቤል ተባለ። ያን ጊዜ ባዮሱ የተደመሰሰበት ሰው ቺፑን ከማስቀየር ወይም እንደገና ከማስጻፍ በቀር ብዙ አማራጭ አልነበረውም። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ግን ምክትል አላቸው። አፕዴት የማይነካው ትንሽ ክፍል ይቀመጣል። ዋናው ዘበኛ ከታመመ ይህ ምክትል ዲስኩ ውስጥ ወይም ፍላሽ ላይ የተቀመጠ የባዮስ ቅጂ ፈልጎ እንደገና ይጽፋል። መጥሪያውን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ቅጂውን ለማዘጋጀት ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ትክክለኛውን የሞዴል ቁጥር አንብቡ። ክዳኑ ላይ ያለው ስም አይበቃም፤ በአንድ ስም ሥር ብዙ የተለያየ ቦርድ አለ። ዴል ከሆነ ሰርቪስ ታግ የሚባለውን ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ተጠቀሙ። ባዮሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ የስልክ ዳታ ይበቃዋል። ፍላሹን ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርጉ፤ እዚህ ጋ ፎርማት የሚደረገው ፍላሹ ነው፣ ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ። ኤችፒ ላይ የወረደው ፕሮግራም ራሱ ማዳኛ ፍላሽ ልሥራ ብሎ ይጠይቃል። ዴል ላይ ፋይሉን በታዘዘው ስም መቀየር ያስፈልጋል፤ ስሙ በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ላፕቶፑ አያየውም።

መጥሪያው በየብራንዱ ይለያያል። ኤችፒ ላይ ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ፍላሹ ገብቶ፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና የቢ ቁልፍ አብራችሁ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ። እነሱን ሳትለቁ ማብሪያውን 2 ወይም 3 ሰከንድ ተጭናችሁ ትለቃላችሁ። ሁለቱን ቁልፎች ግን ስክሪኑ እስኪመጣ ወይም ድምፅ እስኪሰማ አትልቀቁ። እምቢ ካለ በቢ ፋንታ በቪ ሞክሩ። ዴል ላይ ደግሞ ቻርጀሩ ይነቀላል። ኮንትሮልንና ኢስኬፕን ይዛችሁ ቻርጀሩን ትሰካላችሁ፤ የማዳኛው ስክሪን ሲመጣ ትለቃላችሁ። አዳዲስ ቲንክፓዶች ብዙዎቹ ባዮሳቸው መበላሸቱን ራሳቸው አውቀው ከመጠባበቂያው ይመልሱታል፤ ቻርጀር ላይ አድርጎ መተው ብቻ ነው። በአንድ ሙከራ ካልሆነ ተስፋ አትቁረጡ። የጣት ጊዜው ስስ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ሞክሩ፣ ፍላሹን በሌላው ቀዳዳ ሰክታችሁም ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ቺፑ በቀጥታ ይጻፋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። መሣሪያው ያላቸው በብዛት መሀል ከተማ ናቸው፤ ከእኛ ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዞ መሄድ ነው። ባለሙያው ላፕቶፑን ይከፍታል፣ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል፣ ባለ 8 እግሩን ቺፕ በመቆንጠጫ ይይዛል ወይም በሙቀት ያነሳዋል፣ ከዚያ ፕሮግራመር በሚባል ትንሽ ሰሌዳ በኩል ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል። ብዙ ቦታ የምታዩት ሲኤች341ኤ የሚባለውን ርካሹን ነው።

ከመስጠታችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አለ። “ወንድሜ፣ አዲሱን ከመጻፍህ በፊት አሮጌውን ታስቀምጥልኛለህ?” በሉት። ቺፑ ውስጥ ባዮሱ ብቻ አይደለም ያለው። የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር፣ አብሮት የመጣው የዊንዶውስ ፈቃድ፣ አንዳንዴም የኔትወርክ አድራሻው እዚያ ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ አሮጌውን ሁለቴ አንብቦ ያስቀምጣል፣ ሁለቱን ያወዳድራል፣ ከዚያ አዲሱን ሲያዘጋጅ የእናንተን መረጃ መልሶ ይከትበታል። ችኩሉ ከሌላ ላፕቶፕ የተገለበጠ ፋይል ይጭናል። ላፕቶፑ ይነሳል፤ የሌላ ሰው ሲሪያል ይዞ፣ ዊንዶውሱም ፈቃድ የለኝም እያለ። የቮልቱንም ነገር ጠይቁት። አንዳንዱ ቺፕ በ3.3 ቮልት ይሠራል፣ ሌላው በ1.8 ብቻ። ከርካሾቹ ፕሮግራመሮች አንዳንዶቹ ደግሞ በዳታ መስመራቸው 5 ቮልት ያወጣሉ፤ ይህ ቺፑን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ሲሰማ የሚያስረዳችሁ ሰው ካገኛችሁ ጥሩ እጅ ላይ ናችሁ። የሚቆጣችሁ ከሆነ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ። ለባዮስ ሥራ ዲስኩ አያስፈልግም። እንዲያውም ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በጥቂት ብሎኖች ስለሚወጣ አስወጥታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። ያን ጊዜ ማንም ፎርማት አያደርገውም።

ስለ መብራታችን ደግሞ ትንሽ። እኛ ዳር ያለነው ሰዎች መብራት ሲሄድ ብዙም አንደነቅም፤ ሻማ አብርተን እንቀጥላለን። ባዮስ ግን ይህን አይችልም። የአፕዴት ፕሮግራሙ ቻርጀር መሰካቱንና ባትሪው የሚያሳየውን ቁጥር ያያል፤ ያ ቁጥር እውነት መሆኑን አያውቅም። ባትሪያችሁ የደከመ ከሆነ ባዮስ አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሩብ ሰዓት ሥሩበት። ከቆየ ይታመናል። ካልቆየ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኮረንቲ የሚሰጥ ባትሪ) ካለው ሰው ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ወስዳችሁ አድርጉት። ሰማዩ ሲያጉረመርም አትጀምሩ። ቢትሎከር ካለ ከአፕዴቱ በፊት ለጊዜው አቁሙት፤ ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ሰስፔንድ የሚል ምርጫ አለ። የባዮሱን ምርጫዎች ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። ፈተና ወይም የመመረቂያ ጊዜ ከደረሰ ደግሞ ዊንዶውስ አፕዴትን ለሳምንታት ማዘግየት ይቻላል፤ አዘግዩት። እኔ አፕዴት አታድርጉ አልልም። የደህንነት ክፍተቱ እውነተኛ ነው። ጊዜውን ግን እናንተ ምረጡ።

የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ በዚያው ማታ በማዳኛ ፍላሽ ተነሳ። ዩፒኤሴ ላይ ሰካነው። እሷ ቁልፎቹን ይዛ እኔ ማብሪያውን እየተጫንኩ አራተኛው ሙከራ ላይ ስክሪኑ በራ። መስመሯ መሙላት ስትጀምር ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተነሳ። ከዚያ ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ 48ቱን አሃዝ ጠየቀ። አሁን አልደነገጠችም። ስልኳን አውጥታ አካውንቷ ውስጥ ገባች፤ ቁጥሩን ስድስት ስድስት እያደረገች አነበበችልኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ዊንዶውሱ ተከፈተ። ጽሑፉ ባለበት ገጽ ላይ ነበር። ቅጂውን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ አደረገች፣ ቀጥሎ ለራሷ ኢሜይል ላከች። ይህን ጊዜ እናቷ ሊጠሯት መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ነገሩን ስትነግራቸው 48ቱን ቁጥር በንጹሕ ወረቀት አስገለበጡ፤ ወስደውም የቤቱ ውል ካለበት ፖስታ ውስጥ ከተቱት።